ቅናሹን ያፈረሰው ክርክር

አባቴ የቆቦ ከብት ገበያ ደላላ ነው። ኋላ የመጣው ጣጣ ሁሉ ከዚህ ስለሚነሳ አስቀድሜ ልናገረው። በሬም ሆነ ግመል፣ እሱ ዱላውን ይዞ መሃል ሳይቆም ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ያመዋል። በኛ ገበያ ደግሞ ገዥ ከብቱን ነድቶ ከመሄዱ በፊት ሻጩ ዋስ ይጠራል። ዋሱም ሰው ፊት ቆሞ «አውቀዋለሁ፣ ከብቱ የራሱ ነው» ይላል። አባቴ ለስንት ሰው ዋስ እንደሆነ እሱም አይቆጥረውም።

እኔ የሶፍትዌር ተማሪ ነበርኩ፤ የመጨረሻ ዓመት፣ ያለ ኮምፒውተር። የዩኒቨርሲቲው ላብራቶሪ ወረፋው አያልቅም። ስለዚህ ኮድ የምጽፈው በስልኬ ነበር፤ አንዱን መስመር ሳይ ሌላው እየጠፋብኝ። ስልኩም ወድቆ ስለነበር ጆሮ ላይ ሲያስጠጉት አይሰማም፤ ማንንም የማናግረው በላውድስፒከር፣ ጎረቤት እየሰማ ነው።

ለእረፍት ቤት መጥቼ ሳለ ቴሌግራም ላይ አንድ ማስታወቂያ አየሁ። አዲስ አበባ ያለ የኮምፒውተር መደብር ፕሮግራም ለሚሠሩ ተማሪዎች ላፕቶፕ በግማሽ ዋጋ ይሸጣል። በግማሽ! ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የሚጠይቁት መታወቂያ፣ የትምህርት ክፍሉን ደብዳቤና የሥራዬን አጭር መግለጫ ነው። ላፕቶፑ ለተማሪው ለራሱ መሆን አለበት፤ ለሌላ ሰው አሳልፎ መስጠት ክልክል ነው። ላክሁ። በማግስቱ «ተፈቅዶልሻል፣ በአራት ቀን ውስጥ ክፈይ» አሉኝ። የመመረቂያ ሥራዬን በዚያች ስልክ ልጨርስ አልችልም፤ ካልጨረስኩ አልመረቅም። ሙሉ ዋጋውን ደግሞ ከየትም አናመጣውም።

ለአባቴ ስነግረው ፊቱ ጠቆረ።

«ማን ተከራክሮ አስቀነሰው?»

«ማንም። ራሳቸው ናቸው የቀነሱት።»

«ሳይጠየቅ ዋጋ የሚጥል ሻጭ፣ ወላሂ፣ ከብቱ የሚያነክስ ነው።» ትንሽ አሰበና ደግሞ ዓይኑ በራ። «ግን ግማሹን እንዲህ በቀላሉ ከጣሉ ገና ይወርዳሉ።»

ሳቅሁ። ጥፋቴ መሳቄ ነው።

በማግስቱ ስልኬን ቻርጅ ላይ ትቼ ሱቅ ደርሼ ስመለስ፣ ከግቢያችን የማላውቃት ሴት ድምፅ ይሰማል። አባቴ ከግድግዳው ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ፣ ስልኬን እንደ ሳህን በመዳፉ ይዞ መደብሩ ጋ ደውሏል።

«ለልጄ መሰለሽ?» ይላል። «የኔ ልጅ ምን ታረገዋለች! ሮቢት ከተማ ያለ ነጋዴ ነው የላከኝ። የሰጠኝም ይችኑ ነው፤ አንድ ብር አልጨምር።»

ከብት ገበያ ውስጥ ይህ ንግግር ከሰላምታ አይለይም። «ለራሴ ነው፣ ወድጄዋለሁ» የሚል ገዥ የለም። ሁሉም የላከው ሰው አለው፤ ላኪው ደግሞ ሁልጊዜ ንፉግ ነው። ሻጩ ውሸት መሆኑን ያውቃል፣ ገዥውም ሻጩ እንደሚያውቅ ያውቃል፣ ነገሩ በዚያው ይቀጥላል።

«አባባ፣ ቅናሹ ለተማሪ ብቻ ነው» አለች ሴትየዋ። «ለነጋዴ ከሆነ እሰርዘዋለሁ።»

አባቴ ስልኩን በሌላ እጁ ከድኖ ጠቀሰኝ። «እየወረደች ነው» አለኝ በሹክሹክታ።

«አባ፣ ተው!»

«ሰርዥው እንግዲህ!» ብሎ ጮኸ። «በሬ እንደሁ ሞልቷል!» ምን እየገዛ እንደሆነም ረስቶታል።

ዘጋችው። አባቴ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ በእርጋታ ይጠብቅ ጀመር። ገበያ ላይ ተቆጥተህ ስትሄድ አሥር እርምጃ ሳትርቅ ሻጩ ይጠራሃል። ስልኩም ጮኸ፤ ግን መልእክት ነበር። «ማመልከቻሽ ተሰርዟል» ይላል። ማልቀስ እንኳ አልቻልኩም፣ የገዛሁትን ሳሙና እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚሉት ይህ ነው።

ሳነብለት ከእኔ ይልቅ እሱ ደነገጠ።

«አመነችኝ?» አለ። «ያ ረቢ! እንዴት ታምነኛለች? ደላላ እኮ ነኝ!»

በሕይወቱ የተናገረውን ዋጋ ያመነ ሰው ገጥሞት አያውቅም ነበር። ተናደድኩበት፣ አዘንኩለትም፤ የቱ እንደሚበልጥ አላውቅም። መልሼ ደወልኩ። ተማሪዋ እኔ መሆኔን፣ ነጋዴ የሚባል ሰው እንደሌለ ማልኩላት። ሴትየዋ ቀዝቅዛለች።

«እሺ፣ ምን እንደምትሠሪ አስረጂኝ» አለች። «ራስሽ የምትሠሪው ከሆነ መናገር አያቅትሽም።»

ለአባቴ «ለመመረቂያ የሚሆን ነገር» ብቻ ነበር ያልኩት፤ ዝርዝሩን ዓመቱን ሙሉ ደብቄዋለሁ። አሁን አጠገቤ ተቀምጧል፣ ስልኩ ደግሞ ያለ ላውድስፒከር አይሠራም። ካልተናገርኩ ላፕቶፑ ቀረ። ከተናገርኩ...

«ገበሬው የከብት ዋጋ በስልኩ የሚያይበት ነው» አልኩ፣ ዓይኔን ከአባቴ አሽሽቼ። «ያለ ደላላ ከገዥው ጋር በቀጥታ እንዲገናኝ።»

የአባቴ ዱላ ከጉልበቱ ላይ ተንሸራቶ ወደቀ። አላነሳውም። እኔ ግን ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አልኩ። ያሳደገኝን እንጀራ ልዘጋ እንደምሠራ ከራሴ አፍ ሰማው።

«ጥሩ ሐሳብ ነው» አለች ሴትየዋ። «ግን ከትናንት ወዲያ የላክሽው ማመልከቻ ይሁን ዛሬ አባትሽ የተናገሩት፣ የቱን ልመን?»

አባቴ እጁን ዘረጋ። ስልኩን ሊወረውረው ነው ብዬ ሰጋሁ። አፉ ጋ አስጠጋውና እንደ ገበያው ቀን ብድግ ብሎ ቆመ።

«ስሚኝ ልጄ። ቅድም የዋሸሁሽ እኔ ነኝ። አሁን ዋስ ነኝ። አውቃታለሁ፣ ሥራውም የራሷ ነው። እኔን ከገበያ የሚያስወጣ ነገር ነው የምትሠራው፣ እኔም ገና አሁን መስማቴ ነው። አስቢው እስቲ፣ ደላላ እንዲህ ብሎ ይዋሻል?»

ከወዲያ በኩል ሴትየዋ ሳቀች። «አይዋሽም» አለች።

ግማሹን ዋጋ ከፈልን፣ ላፕቶፑ በአውቶቡስ መጣ። ካርቶኑን ከመናኸሪያ ተሸክሞ ያመጣው አባቴ ነው። በነዚያ ቀናት ስለ ሥራዬ አንድም ቃል አልተነፈሰም፤ እኔም ለመጠየቅ ድፍረቱ አልነበረኝም። ስከፍተው አጠገቤ ተቀመጠ። የከብት ዋጋ የመዘገብኩበትን ሰንጠረዥ አሳየሁት።

«የበሬውን ዋጋ ከየት አመጣሽው?»

«አንተ ቤት ስታወራ እየሰማሁ።»

«የትኛው ነው? ገዥው የሰጠኝ ወይስ ሻጩ የተቀበለኝ?»

አልገባኝም። ቀና ብዬ አየሁት፤ እሱ እኔን አያይም፣ ስክሪኑን ነው የሚያየው። ሁለት ዋጋ እንዳለ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። በልጅነቴ የለበስኩት ዩኒፎርም፣ ደብተሬ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሄድኩበት መሳፈሪያ፣ ሁሉም የወጣው በሁለቱ ዋጋ መሃል እሱ ከሚያስቀራት ነበር።

«አንድ ረድፍ ጨምሪበት» አለ። «ሁለቱንም ልንገርሽ፣ ጻፊ።»

ከበሬው ጀመረ።