ሶሺዮሎጂ ተምሬ ሆኪ ሳሠለጥን

ዛሬ ጠዋት ቆቦ ዳር፣ ለኤሌክትሪክ ባቡሩ በተደለደለው መሬት ላይ የሆኪ ልምምድ ሳስጀምር፣ ጎረቤታችን አያ ካሳው ከማሽላ ማሳቸው ሲመለሱ ቆመው አዩንና «ይሄማ ገና ነው!» አሉ።

«አዎ አያ ካሳው፣ ባቡሩ ገና ነው» አልኳቸው። (ሳይመጣ ታሪካዊ የተባለ ባቡር ነው።)

«ጨዋታውን ነው የምልሽ! በልጅነታችን በዱላ ስንመታው ያደግነው ገና እኮ ነው!»

እኔ የተመረቅሁት በሶሺዮሎጂ ነው። ሦስት ዓመት ሥራ ፈልጌ ሳጣ፣ ባለፈው ሳምንት አንድ የስፖርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ማስረጃዬን አገላብጠው «ስለ ኅብረተሰብ ነው የተማርሽው? ሆኪም በቡድን ነው የሚጫወቱት» ብለው አሠልጣኝ አደረጉኝ።

ሆኪ አይቼ አላውቅም። ግን «ልክ ነው» አልኩ።

ተጫዋቾቼ ጠዋቱን ሙሉ ኳሷን እየሳቱ አቧራ ሲመቱ ነበር። አያ ካሳው ዱላውን ከእጄ ተቀብለው አንዴ ቢመቷት በግቡ መሐል አለፈች። ሁሉም ጮኸ። እኔ መጀመሪያ አፈርኩ፣ ከዚያ ግን ደስ አለኝ።

«ነገም ይምጡና እርስዎ ያሠልጥኑልኝ» ብዬ ለመንኳቸው።

«እሽ። አንችሳ ምን ልትሠሪ?»

«እኔማ ኅብረተሰቡን አጠናለሁ።»

እናንተስ፣ ትምህርታችሁ ወዲያ ሥራችሁ ወዲህ የሆነባችሁ አላችሁ? እስኪ ጻፉልኝ፤ ብቻዬን አልሳቅ።