ኧረ በጫማችሁ ግቡ!

ከጋራዡ ወደ ኩሽና የምታስገባውን፣ እኛም እንግዳም የምናልፍባትን ጠባብ ክፍል ያስተካከልኳት እኔ ነኝ። በእረፍት ቀኔ ግድግዳውን በስቼ ለጃኬትና ለቦርሳ መስቀያ ገጠምኩ፣ የጫማ መደርደሪያ ሠራሁ፣ ቁጭ ብሎ ማውለቂያ አግዳሚ ወንበርም አስገባሁ፤ ከሥሩ ነጠላ ጫማ የሞላበት ቅርጫት አለ። ለጌጥ አልነበረም። ኖርዝ ላስ ቬጋስ ነፋስ ሲነሳ ከቤታችን ጀርባ ለግንባታ የሚቆፈረው መሬት አቧራው የሰው ጫማ ላይ ያርፋል፤ ትንሿ ልጄ ደግሞ አስም አለባት። ምንጣፍ ላይ ካልተንከባለለች የተጫወተች አይመስላትም። ሐኪሟ አቧራ ከቤት ይራቅ ሲል ባሌም አጠገቤ ተቀምጦ ሰምቷል።

ሰምቶ ምን አደረገ? እንግዳ በመጣ ቁጥር በሩ ላይ ይቆምና፣ «ኧረ በጫማችሁ ግቡ! ምን ነካችሁ፣ ቤታችሁ አይደል!» ይላል። አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ክሩን መፍታት የጀመረውን እንኳ ክንዱን ይዞ ያስነሳዋል። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል፤ አንዱ በጫማው ካለፈ የተቀሩት ለምን ብለው ያወልቃሉ? እንግዶቹ ሲሄዱ ምንጣፉን በቫኪዩም መጥረግ እኔ፣ ልጅቷን ሲያፍናት አቅፎ በአፏ የሚሳበውን መድኃኒት መስጠት እኔ።

«ሰው በር ላይ አስቁሜ ጫማህን አውልቅ ልበል? ምን ይሉኛል?»

«ልጄ ታማለች በላቸው!»

«እሱማ ለሰው አይወራም።»

ይሉኝታው ከልጁ ትንፋሽ በለጠበት። ይህን ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

አንድ እሑድ አጎቱ ከምሥራቅ ላስ ቬጋስ መጡ። ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ልጅቷ ሳምንቱን ስትስል ከርማ ገና እንቅልፍ ሸለብ አድርጓት ነበር። ሽማግሌው ወደ አግዳሚው ሲጠጉ ባሌ፣ «ኧረ ጋሼ፣ በሞቴ! በጫማዎ ይግቡ!» አላቸው።

አልቻልኩም። «አይገቡም!» አልኩ ጮክ ብዬ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ፣ ልጅቷ በአቧራ እየታፈነችብኝ ነው። ያውልቁልኝ።»

ባሌ ዓይኑን አፈጠጠብኝ። እኔም ያልኩት ነገር ራሴን አስደነገጠኝ፤ ግን ቃሌን አላጠፍኩም። ሽማግሌው ሁለታችንንም አዩንና አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

«በእኛ ጊዜ እንግዳ ሲመጣ እግሩን ነበር የምናጥበው» አሉ ወደ ባሌ ዞረው። «አቧራህን ይዘህ ግባ ማለት መቼ ነው አክብሮት የሆነው? በል ና፣ ክሩን ፍታልኝ፤ ወገቤ አይታጠፍም።»

ባሌ ተንበርክኮ ፈታላቸው። ጫማቸውን በገዛ እጁ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠ።

ከዚያ ወዲህ በሩ ላይ ደረቱን ነፍቶ ይቆምና፣ «እኛ ቤት ጫማ ይወለቃል፤ ጋሼ ራሳቸው ያወልቃሉ» ይላል። እንግዳው ያወልቃል፣ የልጄም ሳል ቀለል ብሏል፤ እህቴ፣ «ታዲያ ደስ አይልሽም?» ትለኛለች። ደስ አላለኝም። «ጋሼ ራሳቸው» ሲል በሰማሁ ቁጥር እበግናለሁ። የአጎቱን አንድ ቃል የሰማ ጆሮ፣ ዓመት ሙሉ የልጁን ሳል እንዴት አልሰማም?