የፓልሚና ሣር

ፓልሚና ወደ ኮረብታችን ተድራ ስትመጣ እኔ ካገባሁ ገና ዓመቴ ነበር። የእሷን ቤትና የእኛን ቤት የሚለያቸው አንድ የበለስ ዛፍ ብቻ ነው፤ እሷ ድስት ስትከድን እኔ እሰማለሁ። ከታች ከባሕሩ ዳር ከዓሣ አስጋሪዎች ቤት ነው የመጣችው። የወይን ግንድ ከየት እንደሚቆረጥ እንኳ አታውቅም ነበር። ባሏ ዱይሊዮ እጇን ይዞ ከግንድ ወደ ግንድ እያዞረ ሲያሳያት፣ ባሌ ሴቲሚዮ አጥሩን ተደግፎ፣ «ዱይሊዮ፣ የወይን ቦታ ነው ወይስ የዳንስ ቤት?» እያለ ይስቅባቸዋል።

ዱይሊዮ ንግግሩ ጥቂት፣ ጉልበቱ ብዙ የሆነ ሰው ነበር። ያኔ ሁላችንም ሣሩን የምናጠፋው በመድኃኒት ነው። መርጫውን በጀርባችን አዝለን በወይኑ መሐል እንረጫለን፤ በሳምንቱ ሣሩ ዝገት መስሎ ይደርቃል፣ እኛም እፎይ እንላለን። ፓልሚናም አዝላ ትረጭ ነበር። ሁለት ጽንስ በተከታታይ ጨነገፈባት። ሁለተኛው ወንድ መሆኑ ይለይ ነበር።

«ከመርጫው ይሆን እንዴ?» ብላ ሐኪሙን ጠየቀችው።

«እሱ ነው ብሎ ሊነግርሽ የሚችል የለም» አላት።

«አይደለም ብሎ ሊነግረኝ የሚችልስ አለ?»

ሐኪሙ ቀጣዩን በሽተኛ ጠራ።

በሚቀጥለው ፀደይ ዱይሊዮ መርጫውን ሊያነሣ ጓዳ ቢገባ ቱቦው በቢላ ተቆራርጦ መሬት ላይ ተበትኗል።

«ምን ማለት ነው ይኼ?»

«ከእንግዲህ በዚህ ቤት አይረጭም።»

«ሣሩን ማን ሊያጠፋው ነው? አንቺ ልትግጪው?»

«አጭደዋለሁ።»

«ያን ሁሉ ቁልቁለት?»

«ያን ሁሉ ቁልቁለት።»

አጨደችው። ዱይሊዮ አኩርፎ ከደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ አያት፣ አያት፣ መጨረሻ ላይ ማጭዱን ስሎ ከጎኗ ገባ። መንደሩ ሁሉ መሳቂያ አደረጋቸው። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሴቲሚዮ፣ «ፓልሚና፣ ዘንድሮ የምትጠምቁት ወይን ነው ወይስ ድርቆሽ?» ይላታል።

«ድርቆሽ ነው። አህያ ጎረቤት ስላለን» ትለዋለች።

ከዚያ ፋውስቶ ተወለደ። ሌላ ልጅ አልመጣም። ፋውስቶ በዚያ ሣር ውስጥ ድኾ፣ በዚያ ሣር ውስጥ ቆሞ ሄደ። አድጎ ከተማ ቢማርም ተመልሶ መጣ። ኦርጋኒክ የሚባለውን ቃል ወደ ኮረብታችን ያመጣው እሱ ነው፤ እኛማ እስከዚያ ድረስ «የፓልሚና ሣር» ነበር የምንለው። ከቁልቁለቱ የሚወጣው ወይን ጠጅ ስም አወጣ። የሩቅ አገር ሰዎች በመኪና እየመጡ ከጓዳዋ ጠርሙስ ይሸከማሉ፤ ፓልሚናም ዳቦና አይብ ታቀርብላቸዋለች፣ ሲያመሰግኗት ትደነግጣለች። ሴቲሚዮ እንኳ መርጨቱን ተወ። «ወይን ሊሸጥልኝ ስላልቻለ ነው እንጂ እሷ አሸንፋኝ አይደለም» ይል ነበር።

የፓልሚና ጉልበት ግን አለቀ። ማታ ማታ ደረጃ ስትወጣ ግድግዳውን ትይዛለች። ይህን ያየ ፋውስቶ አሮጌ ትራክተር ገዛ።

«ለዚያ ቁልቁለት ትራክተር አይሆንም» አለው አባቱ።

«ቀስ እያልኩ ነዋ። እማዬን እያት እስቲ! በእንብርክክ ልትሄድ ነው እኮ።»

ፓልሚናም፣ «ተወው እንግዲህ፣ ልጅ እናቱን ላሳርፍ ሲል» አለች። ደስ ብሏት ነበር።

ብዙ ጊዜ አጨደበት። ምንም አልሆነም። አንድ ግንቦት ዝናቡ አላባራ ብሎ ከረመና ሣሩ እስከ ወገብ አደገ። ፀሐይ በወጣች ቀን ፋውስቶ ወረደ። ፓልሚና ደጃፏ ላይ ባቄላ ትፈለፍላለች፤ እኔ ልብስ አሰጣለሁ። ሞተሩ ድንገት ጮኸ፣ ከዚያ ጭራሽ ዝም አለ። ፓልሚና ቀና ብላ አየችኝ። ባቄላው ከጭኗ ላይ ሲፈስ ትዝ ይለኛል።

ትራክተሩ ተገልብጦ ጎማዎቹ ወደ ሰማይ ተሰቅለው ነበር። ዱይሊዮና ሴቲሚዮ በትከሻቸው ሊያነሡት ታገሉ። ሰው ተጠርቶ፣ ገመድ መጥቶ ሲነሣ ልጁ ከሞተ ቆይቷል። ፓልሚና ፊቱን በሽርጧ ጠረገችለት፤ አፈር ብቻ ነበር፣ ቁስል እንኳ አልነበረበትም።

ከቀብር መልስ ቤታቸው ሞላ። ሾርባውን ሁሉ እኛ ጎረቤቶች ሠርተን ወስደን ሳለ፣ ፓልሚና ጭልፋውን ከእጄ ቀምታ ለሰው ሁሉ ራሷ ትቀዳ ጀመር። ዱይሊዮ ጋ ስትደርስ፣ ሳያያት፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ ተናገረ።

«ሣሩ በመድኃኒት ቢቃጠል ኖሮ ልጄ ዛሬ በሕይወት ነበር።»

ዕድሜውን በሙሉ ሲያሾፍባት የኖረው ሴቲሚዮ ከወንበሩ ተነሣ። «ዱይሊዮ! አፍህን ዝጋ!» አለው። ፓልሚና ግን ሾርባውን ቀድታ ጨረሰች፣ ጠርዙን በጨርቅ ጠረገችና ሳህኑን ከባሏ ፊት አኖረችለት።

ከዚያ በኋላ ያ ቤት ቤት አልነበረም። በአንድ ጠረጴዛ ይበላሉ፣ በአንድ አልጋ ይተኛሉ፣ ድምፃቸው ግን በበለሱ ዛፍ በኩል አይሻገርም። ፀደይ ሲመጣ ዱይሊዮ ብቻውን ወርዶ ቁልቁለቱን በመድኃኒት ረጨው። ኮረብታው ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ ያቺ ቦታ ብቻ እንደ ቃጠሎ ጠባሳ ዛገች። ፓልሚና ራሷ ስልክ ደውላ ማረጋገጫውን ለሚሰጡት ሰዎች፣ «ረጭተናል፤ ኦርጋኒክ የሚለውን ማኅተም አንሡልን» አለቻቸው። የዚያን ዓመት ወይን ጠጅ ስም ሳይኖረው በትልልቅ ደምጃን ተቀድቶ በርካሽ ተሸጠ።

«ምን ያስለፈልፍሻል፣ ቢያንስ እሱን ተቆጪው እንጂ!» አልኳት።

«የጠላው ሣሩን ነው። ይጥላው» አለችኝ። ቀጥላም፣ «ያን ቀን የተናገረውን እኮ እኔ ቀድሜ በልቤ ብዬዋለሁ። ልጁ ከትራክተሩ ሥር ሳይወጣ ነው ያልኩት» አለች። እጇን ያዝኩት። እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል።

በመከር ጎርፍ መጣ። ሣር የሌለው መሬት አፈሩን የሚይዝለት አጣ፤ ቁልቁለቱ ተሸርሽሮ የወይኑ ሥር እንደ አሮጌ ሰው ጅማት ገጥጦ ወጣ፣ አፈሩም ታች መንገድ ላይ ተከመረ። ዝናቡ ገና ሳያባራ ዱይሊዮ ባልዲ ይዞ ወረደ። አፈሩን ከመንገዱ እየዛቀ፣ በጭቃው እየተንሸራተተ ወደ ላይ ይመልሳል። ሴቲሚዮ ሊከለክለው ሄደ። «ሰውዬ አብደሃል? ልብህ ደካማ ነው፣ ተው!»

«ልጄ የወደቀበት አፈር ነው» አለው ዱይሊዮ። «መኪና እንዲረግጠው ልተወው?»

ፓልሚና በጓሮዋ በር ቆማ ሰማችው። የፋውስቶን ቦቲ አጥልቃ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ፣ ከዚያም በቂጧ እየተንሸራተተች ወረደች።

«አንዱን ባልዲ አምጣው» አለችው።

ዱይሊዮ ቆመ። «ፓልሚና፣ ያ ቃል...»

«አውቃለሁ። ብትመልሰውም እኔ ጋ ነው ያለው። ባልዲውን አምጣው።»

እስኪመሽ ጎን ለጎን ሲዝቁ አየናቸው። እኔና ሴቲሚዮም ወረድን።

በዚያው ዓመት የብርዱ ወራት ሲገባ የቁልቁለቱን ወይን ነቀሉት። በቦታው ወይራ ተከሉ። ወይራ ማጨጃ አይፈልግም፤ በጎች ከሥሩ ገብተው ሣሩን ይግጡለታል፣ ማንም በትራክተር አይወርድም። ወይራ እስኪያፈራ ብዙ ዓመት ይፈጃልና በዚያ ዕድሜያቸው መትከላቸው ለመንደሩ የሚሳቅበት ነገር ነበር፤ የሳቀ ግን የለም። ዱይሊዮ እያንዳንዱን ችግኝ በእንጨት ደገፈ፣ በደረቅ ዓመት በባልዲ አጠጣ። ማታ ማታ ደግሞ ድምፃቸው አልፎ አልፎ በበለሱ በኩል ይሰማኝ ጀመር፤ ስለ በጎቹ፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ እንዲህ ያለ ነገር። ዛፎቹ በደንብ ማፍራት በጀመሩበት ዓመት፣ ገና ፍሬው ሳይጠቁር፣ ዱይሊዮ ከበጎቹ ጋራ እንደ ቆመ ልቡ ከዳው።

ወይራውን እኔ፣ ሴቲሚዮና ፓልሚና መረብ ዘርግተን ለቀምን። መጭመቂያው ቤት እሳት ነዶ ዳቦ ይጠበሳል፤ ደንቡ ነው፣ አዲሱን ዘይት ባለቤቱ ቀድሞ ይቀምሳል። አረንጓዴው ዘይት ዳቦው ላይ ፈሰሰላት። ጎረሰች። አዲስ ዘይት ጉሮሮ ያቃጥላልና አሳላት፣ ዐይኗም እንባ ሞላ።

«አሳለሽ! በይ እንግዲህ፣ ምርጥ ዘይት ነው ማለት ነው!» ብሎ ጨማቂው አጨበጨበላት።

«ጥሩ ነው» አለችና የተረፈውን ዳቦ አስቀምጣ ወጣች።

ተከተልኳት። ከመኪናችን ጀርባ ባዶ ሣጥኖቹን ይዛ ቆማለች።

«ምነው ፓልሚና?»

«ለማን ልውሰደው?» አለችኝ።

ሴቲሚዮ ዘይቱን ጫነ። እሷን ከመሐላችን አስቀምጠን ወደ ኮረብታው ወጣን።