ድመቷ ከተነሳች በኋላ

ካጂዋራ ሳን በቶኪዮ እንግዳ ማስጎብኘት ከጀመረች ሃያ ዓመት አልፏታል። እኔ አውቶቡሱን እነዳለሁ፤ እሷ ከፊት ቆማ ታወራለች። አስጎብኚ በእንግዳ ፊት አይቀመጥም፤ ደንቡ ነው። መቼም ይህን ደንብ ያወጣው ጉልበቱን የሚያመው ሰው አይደለም።

እሷን ግን ጉልበቷን ማመም ከጀመራት ቆይቷል። ባሏ አልጋ ላይ ከዋለ ወዲህ ቤቱ የሚተዳደረው በእሷ ደሞዝ ስለሆነ፣ ሆድ ይፍጀው ብላ ለኩባንያው ትንፍሽ አላለችም። የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ያን ቀን ግን ኢሶጋይ የሚባል እሳት የላሰ ወጣት ከዋናው ቢሮ ተልኮ አብሮን ዋለ፤ ዕድሜያቸው የገፋ ሠራተኞች ሥራውን መቻል አለመቻላቸውን ሊያይ ነው የመጣው።

ጠዋት የታይዋን እንግዶቿን አሳኩሳ ቤተ መቅደስ አዞረቻቸው። ምሳ ሰዓት ላይ እነሱን የሽሪምፕ ጥብስ ቤት አስቀምጠን፣ እኛ ወንበር የሌላት ኑድል ቤት ገብተን ቆመን በላን።

«ኢሶጋይ ሳያይሽ እግርሽን ዘርጋ አድርጊ» አልኳት።

«ዝም ብለህ ብላ። አንዴ ከዘረጋሁት ማን ያጥፍልኛል?»

ከሰዓት በኋላ ሰው ሻይ እየጠጣ ከድመቶች ጋር የሚጫወትበት፣ ፎቅ ላይ ያለ ድመት ካፌ ወጣን። ጫማ አውልቀን፣ እጃችንን ታጥበን ገባን። እዚያ ድመት እንዳይረገጥ ሁሉም ምንጣፍ ላይ ይቀመጣል። ካጂዋራ ሳንም ግድግዳውን ይዛ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ወዲያው አንዲት ወፍራም አሮጊት ድመት ምግብ ይዘው የሚጠሯትን እንግዶች ሁሉ አልፋ መጣችና እሷ ጭን ላይ ተጠቅልላ ተኛች።

የመሄጃችን ሰዓት ሲደርስ ኢሶጋይ «እንነሳ፣ ካጂዋራ ሳን?» አላት።

ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ አሳየችው፤ የተኛ ድመት መቀስቀስ ክልክል ነው።

«እኔ ምን ላድርግ? ተኝታለች እኮ።»

እንግዶቹ ሳቁ፤ እነሱም ዝለው ስለነበር ቅር አላላቸውም። እሷ ግድግዳውን ተደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። በዚያ ሁሉ ዓመት እንዲህ ስታርፍ አይቻት አላውቅም።

ድመቷ ግን ጥቂት ቆይታ ተነሳች፤ ተንጠራርታ፣ አዛግታ ወደ ሳህኗ ሄደች።

ሁሉም ካጂዋራ ሳንን ማየት ጀመረ። እጇን ምንጣፉ ላይ ተክላ ትንሽ ከፍ አለችና ተመልሳ ዘጭ አለች። ደግማ ሞከረች። ልረዳት ብድግ ስል በዓይኗ ከለከለችኝ።

«ኢሶጋይ ሳን» አለች በመጨረሻ፣ «መነሳት አልቻልኩም። ደክሞኛል።»

ልጁ ደነገጠ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፣ ሰድቤው ይወጣልኝ ነበር። ፊት ለፊቷ ተንበርክኮ እጅ ነሳ።

«ካጂዋራ ሳን፣ እስከ ዛሬ ስለደከሙልን እናመሰግናለን። ከነገ ጀምሮ ይረፉ።»

እሷም ስንብት መሆኑ ገብቷት፣ እንደተቀመጠች ጎንበስ ብላ አመሰገነችው።

ደግፌያት ደረጃውን ስንወርድ አንድ ቦታ ላይ ቆመች።

«ባሌን ምን ብዬው ነው ቤት የምገባው?» አለችኝ።