የቦራ በዓል

ትሁን በዓል ሲመጣ ያመው ነበር። የፎገራ ሰው በዓል ሲሆን ነጠላውን ለብሶ፣ ቤተ ክርስቲያን ስሞ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ወሬውን ሲሰልቅ ይውላል። ትሁን ግን መቀመጥ አይሆንለትም። ያልላላ አጥር ያጠብቃል፣ ከበረት ይገባል፣ ይወጣል፣ ሰማይ ያያል። ሚስቱ አገኘሁሽ፣ «ኧረ አንቱ፣ ለአንዲት ቀን እንኳ ይቀመጡ፤ መሬቱ የትም አይሄድብዎ» ስትለው፣ «ተቀምጦ የጠገበ የት አይተሻል?» ይላታል።

ሰው ግን አይፍረድበት። አባቱ ከብት በሚፈጀው በደስታ በሽታ ከብቶቹ ካለቁበት በኋላ ትሁን ያደገው በሰው ቤት ሎሌ ሆኖ ነው። ሎሌ አረፍ ሲል እራቱ እንደሚቀር በሆዱ ተምሯል። ጎልምሶ ጎጆ ከወጣም በኋላ ማረፍና መራብ አንድ ሆነው ቀሩበት። ከሎሌነት ያወጣው አንድ በሬ ብቻ ነበር። ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለበት ቦራ ይለዋል፤ ከጥጃነቱ ጀምሮ በእጁ ያሳደገው ነው። ቦራ የወደቀ ቀን ትሁን ተመልሶ የሰው ሎሌ እንደሚሆን እሱም ያውቃል፣ አገሩም ያውቃል።

ጊዜው የአርባዎቹ ዓመታት ማለቂያ አካባቢ ነው፤ ወረታ ጥቂት ቆርቆሮ ቤት ያላት የመንገድ ዳር መንደር ሳለች። ክረምት ርብና ጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳው ላይ ይተኛሉ። መስከረም አልፎ ውኃው ሲሸሽ፣ ጥቁሩ ዋልካ አፈር እርጥበቱን እንደያዘ ሽምብራና ጓያ ካልተዘራበት ፀሐይ ይሰነጣጥቀዋል፤ ከዚያ ወዲያ ዘር አይቀበልም። በዓሉ ደግሞ የሚደራረበው በዚያው ሰሞን ነው። ቅዳሜው፣ እሑዱ፣ ሚካኤሉ፣ ማርያሙ፣ መድኃኔዓለሙ፤ ትሁን አንዱን ቀን ባረፈ ቁጥር ከጎተራው የተዘረፈ ያህል ይቆጨዋል።

በአንድ በሬ ደግሞ አይታረስም። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሰዎች መቀናጆ ይገባሉ፤ በሬዎቻቸውን አጣምደው በተራ ያርሳሉ። ትሁን ይህን ሲያወጣ ሲያወርድ ከርሞ፣ አንድ ቀን ወረታ ወርዶ ጨውና አቡጀዲ ከሚሸጠው ከመሐመድአወል ሱቅ ገባ። መሐመድአወል ከመንደሯ ጫፍ ከአባቱ የወረሰው መሬትና አንድ በሬ ነበረው።

«ስማኝ መሐመድአወል» አለው። «አንተ ዓርብ በሬ አትጠምድም። እኔ ቅዳሜና እሑድ፣ በዓል በዓሉንም አልጠምድም። ብንቀናጅ፣ በኔ በዓል አንተ ታርሳለህ፤ ባንተ ዓርብ እኔ። የቀረውን ቀን እንካፈላለን። ቀን የሚባል አይባክንም።»

መሐመድአወል ነጋዴ ነውና የማይባክን ነገር ሲሰማ ደስ ይለዋል። «ወላሂ፣ እስከ ዛሬ ይህን ማን ከለከለን?» አለ፤ ተጨባበጡ።

አገሩ ብልሃቱን አደነቀ። የደብሩ ቄስ መምሬ መንግሥቴ ብቻ ትሁንን ከቅዳሴ በኋላ ጠርተው፣ «ልጄ፣ በሰንበት በሬህ ቀንበር ተሸክሞ ሲውል ቅር አይልህም?» አሉት።

«አባቴ፣ እኔ ሞፈር አልነካሁ። ቦራም እንደሁ አልተጠመቀ» አላቸው።

መምሬ ሳቁና ትተውት ሄዱ። ባይስቁ ይሻል ነበር።

በሬውን ለሰው ሰጥቶ ቤቱ የሚቀመጥ ትሁን አልነበረምና፣ እሑድ እሑድ ቅዳሴው እንዳለቀ ወደ መሐመድአወል እርሻ ይገሠግሣል። ዳር ላይ ቁጭ ብሎ፣ «በል ቦራ! ና ወዲህ!» እያለ ያርሳል፤ እጁ አያርስ እንጂ አፉ ያርሳል። መሐመድአወልም ብሶበት ዓርብ ከመስጊድ እንደወጣ የትሁን ማሳ ዳር ይመጣል። እየተደጋገፉ ሊያርፉ የተስማሙ ሰዎች ሁለቱም ዕረፍት አጡ።

የቦራ ጫንቃ መላጥ ጀመረ። አገኘሁሽ ማታ ማታ ቅቤ ትቀባዋለች፤ ትሁንም ቁስሉን ያያል፣ ልቡም ያዝናል። «ዘሩ ይግባ እንጂ ያገግማል» ይላል።

አንድ እሑድ፣ የመሐመድአወል እርሻ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ቦራ ከትልሙ መካከል ጉልበቱን አጥፎ ተኛ። መሐመድአወል ጮኸበት፤ አልተነሣም። ትሁን ካለበት ብድግ አለና ጅራፉን ነጥቆ ሾጠው። ቦራ በድምፅ ብቻ የሚታዘዝ በሬ ነበር፤ ከትሁን እጅ ጅራፍ ቀምሶ አያውቅም። አንገቱን አዙሮ አየው፤ መልሶም ራሱን ከጭቃው ላይ አሳረፈ።

ትሁን ሁለተኛ መምታት አቃተው። ሎሌ ሳለ አንድ የአዝመራ ሰሞን በትኩሳት ወድቆ፣ ጌታው በላዩ ላይ ቆሞ «ተነሥ!» ያለው ትዝ አለው። ጅራፉን ከጭቃው ላይ ጣለው።

አገኘሁሽ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ አየቻቸውና ወደ ማሳው ገባች። የተኛውን በሬ አየች፣ ጅራፉንም አየች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«ለአንቱ እግዜር እሑድን ሰጠዎ» አለችው። «ለመሐመድአወልም ዓርብን ሰጠው። ለቦራስ የቱን ቀን ሰጠው?»

 ሁለቱ ሰዎች ቀንበሩን ፈቱ።

ቦራ በማግሥቱም ከተኛበት ማሳ አልተነሣም። ትሁን ሣር አጭዶ አቀረበለት፣ ውኃ አጠጣው፣ ከዚያ በኋላ የሚሠራው ነገር አጣ። ከበሬው ጎን ተቀመጠ። ፈራ፤ እንደዚያ ፈርቶ አያውቅም። መሐመድአወል ሱቁን ዘግቶ የሚላስ ጨው ይዞ መጣና አብሮት ተቀመጠ። እንዲሁ ተፋጥጠው ቢውሉ ጭንቁ ይገድላቸው ነበርና፣ መሐመድአወል መሬቱን ጫር ጫር አድርጎ የገበጣ ጉድጓድ ማሰ። ጠጠር ስላልነበረ ሳይዘራ በቀረው ሽምብራ ተጫወቱ። ትሁን ገበጣ አያውቅም፤ ደጋግሞ ተሸነፈ፣ ተናደደ፣ ቀስ ብሎም ማታለል ጀመረ። መሐመድአወል እጅ ከፍንጅ ሲይዘው ሁለቱም በሳቅ ፈነዱ። ምሳ ይዛ የምትመጣው አገኘሁሽ ሳቁን ከሩቅ ሰምታ የማን እንደሆነ አላወቀችውም።

በዚህ መካከል ቦራ አንገቱን ዘረጋና የትሁንን ጉድጓድ ከነሽምብራው ላሰው። ቀጥሎ የመሐመድአወልን። የራቀችዋ ጉድጓድ ስላልደረሰችለት፣ ተንገዳግዶ በአራት እግሩ ቆመ። ትሁን ፊቱን አዙሮ አለቀሰ፤ ማልቀሱን ግን ኋላ ሲያወራው ደብቆ አያውቅም።

ከዚያ ወዲህ ቦራ ዓርብም እሑድም ቀንበር አይነካም ተባለ። በዚያ ዓመት የትሁን ማሳ እኩሌታው ሳይዘራ ደርቆ ተሰነጠቀ፤ ጎተራው ጎደለ፣ ሽሮው ቀጠነ፤ ግን ሰው ቤት አልገቡም። ዓርብ የማያርስ ክርስቲያን ሲያይ መንደርተኛው መቼ ዝም ይላል፤ «ትሁን ሰለመ!» እያለ ተሳለቀበት። እሱም፣ «የቦራ በዓል ነው» ይላል። መጀመሪያ መጀመሪያ እጁን የት እንደሚያስቀምጠው ጨንቆት ነበር። ኋላ ግን ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ከመሐመድአወል ጋር ገበጣ መቀመጥ ለመደ፤ እሑድም ከአገኘሁሽ ጋር ዘመድ ጥየቃ መሄድ።

ቦራ አርጅቶ የሞተው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ትሁን የራሱ ጥማድ በሬ ነበረው። ቢሆንም ዓርብ ሲደርስ በሬዎቹን ለግጦሽ ለቆ ወረታ ወረደ።

መሐመድአወል ገበጣውን እያዘጋጀ ቀና ብሎ አየው። «ቦራ እኮ ሞቷል» አለው። «ዛሬ የማን በዓል ነው?»

ትሁን ቁጭ አለና ሽምብራውን ከጉድጓዱ ዘገነ።

«ተዝካሩን እያወጣሁለት ነው» አለ። «ይልቅ ተጫወት።»