የወንድሜ ሳህን

ፓስታው ለብቻው፣ መረቁ ለብቻው ቀረበልኝ። የጃፓኖች ምግብ ነው አለችኝ ልጄ ሀያት። ወፈር ወፈር ያለው ፓስታ ቀዝቅዞ በሳህን ተቀምጧል፤ መረቁ ደግሞ በትንሽ ጎድጓዳ ዕቃ፣ ጥቁር፣ ትኩስ፣ ዓሣ ዓሣ የሚሸት። አሳማ እንደሌለበት ደጋግማ ጠይቃልኛለች። «አባ፣ ትንሽ ትንሽ እያነሳህ እዚህ ውስጥ ዲፕ አድርገው» ብላ አነካከሩን አሳየችኝ። በመመገቢያ እንጨቶቹ አልሆነልኝም፤ ሹካ አስመጣችልኝ።

ምግቡስ ጥሩ ነበር። ያላማረኝ ሌላ ነው። ቀኑ ማክሰኞ ነው፣ ማክሰኞ ደግሞ ሀያት ሥራ ላይ ናት። ከቤታችን ከስኔልቪል እስከዚህ ምግብ ቤት ስትነዳ ስልኳ ሲጠራ ሳታነሳው ገለበጠችው። አሁን የራሷን ሳትነካ «ብላ፣ አባ» ትለኛለች። ይሄን «ብላ» ከዚህ በፊት ሰምቼዋለሁ።

ልጅ እያለሁ፣ ኮምቦልቻ፣ አባታችን የአሰብ መንገድ ሾፌር ነበር። ሲመጣ ልብሱ ናፍጣ ናፍጣ፣ ጨው ጨው ይሸታል። አንድ ቀን ጠዋት አጎታችን እኔንና ታላቅ ወንድሜን ሰይድን ከቁርአን ትምህርት ቤት ጠርቶ፣ ጣሊያን ትቶት የሄደ ሆቴል ይዞን ገባ። ሻይ እንኳ ጋብዞን የማያውቅ ሰው ፓስታ አዘዘልን። የቲማቲሙ ስጎ ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ፓስታ ቀምሼ አላውቅም ነበርና በጣቴ እየጎተትኩ ስበላ፣ ሰይድ ይስቅብኛል ብዬ ቀና አልኩ። አልሳቀም። አጎታችን መስኮት መስኮቱን ያያል። ሰይድ ያልተነካ ሳህኑን በዝግታ ወደ እኔ ገፋው።

«የኔንም ብላ። አትቸኩል» አለኝ።

ደስ ብሎኝ ቸኮልኩ። ቤት ስንደርስ ደጃችን ላይ ሰው ሞልቷል፣ የሴቶቹ ለቅሶ ከሩቅ ይሰማል። የአባታችን መኪና ገደል ገብታ ነበር።

በእኛ ዘንድ መርዶ በባዶ ሆድ አይነገርም። መጀመሪያ ያበሉሃል። ሰይድ ገብቶት ኖሯል፤ ሳህኑን የሰጠኝ ትንሽ ሊያቆየኝ ነው። ያን የተረዳሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

ሰይድ ኮምቦልቻን ለቆ አያውቅም። ከረመዳን ወዲህ ታሟል። በየጁምዓው ይደውልልኝ የነበረ ሰው ባለፈው ጁምዓ አልደወለም።

እናም ቀስ አልኩ። አንድ አንድ ዘለላ እያነሳሁ እነክራለሁ፣ አቆየዋለሁ፣ አኝካለሁ። መረቁ በረደ። ሀያት አላስቸኮለችኝም። ፓስታው ሲያልቅ አስተናጋጁ መጥቶ በተረፈው መረቅ ላይ ትኩስ፣ ቀጠን ያለ ሌላ መረቅ ጨመረበት። ይሄ ደግሞ ይጠጣል አለችኝ። አልሃምዱሊላህ አልኩ በልቤ፣ ገና አላለቀም። እሱንም በማንኪያ፣ እፍ እያልኩ ጠጣሁት። አለቀ።

«አጎትሽ ነው?» አልኳት።

ቀና ብላ አላየችኝም። ያልተነካ ሳህኗን በዝግታ ወደ እኔ ገፋችው።

«የኔንም ብላ፣ አባ» አለች።

እዚህ ሰው አገር ያደገች ልጅ ናት፤ የመርዶን ወግ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማራትም። ያኔ ፓስታው ትኩስ ነበር፣ እኔም ምንም ስለማላውቅ ቶሎ ጨረስኩት። የዛሬው ቀዝቃዛ ነው። ሳህኗን ወደ እኔ ሳብኩና አንዲት ዘለላ አነሳሁ።