ጋሽ አይሆንም እና አንካሲት

ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ አይሆንም» ይላቸዋል። ስሙን ማን እንዳወጣላቸው አይታወቅም፤ ምክንያቱን ግን የማያውቅ የለም። ሙያቸው ማኅተም መቅረጽ ነው። ክብ ማኅተም፣ የቀን ማኅተም፣ የስም ማኅተም፣ ሁሉንም በአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ አጎንብሰው ሲቀርጹ አርባ ዓመት ሞላቸው። ደብዳቤ፣ መታወቂያና ውክልና ሳይዝ ማኅተም ሊያሠራ የመጣ ሰው ቢለምናቸው፣ ቢያለቅስ፣ እግራቸው ላይ ቢወድቅ መልሳቸው አንድ ነው። ለባለሥልጣን አይሆንም ብለዋል፤ ለገዛ አማታቸው ልጅ አይሆንም ብለዋል። ሚስታቸው ሰው ሲሰበሰብ ጠብቃ፣ «ይሄ ሰውዬ ‹እሺ› ሲል የሰማሁት በሠርጋችን ቀን ብቻ ነው፤ እሱንም ሚዜው በክርኑ ጎሽሞት ነው» እያለች ታስቃለች። እሳቸውም አብረው ይስቃሉ። ለምን ይዋሻል፣ ስማቸውን ይወዱታል።

ከዚያ ሁሉ አይሆንም መሃል ግን አንዷ ጉሮሯቸው ላይ ተሰንቅራ ቀርታለች። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ለታናሽ ወንድማቸው ያሏት ናት።

ወንድምየው በአንዲት ባለ ሁለት በር ትንሽዬ መኪና ለየሱቁ ዳቦ እያደረሰ የሚኖር ሰው ነበር። መኪናዋን «አንካሲት» ብሎ ነው የሚጠራት። ዳገት ላይ ስለምታዘግም ነው እያለ ሰው ይስቃል፤ እሱም ይስቃል እንጂ ነው ወይም አይደለም አይልም። አንድ ክረምት የቤቱ ጣራ አፈሰሰና የመኪናዋ የባለቤትነት ደብተር፣ ሊብሬዋ፣ በሰበሰ። ጽሑፉ ተርፎ ማኅተሙ ብቻ ተዥጎርጉሮ ጠፋ። መኪና የሚመዘግበው መሥሪያ ቤት ምትክ ለማውጣት ስድስት ወር ጠብቅ አለው። ዳቦ ቤቱ ደግሞ ስድስት ቀን አልታገሠውም። ያኔ ወደ ታላቅ ወንድሙ ሱቅ መጣ።

«ጋሼ፣ ይሄን ማኅተም የቀረጽከው አንተ ነህ። ውሸት ጨምርልኝ አላልኩህም። የነበረውን መልስልኝ ነው የምልህ።»

«አይሆንም።»

«ወንድምህ ነኝ እኮ!»

«ለዚህ ነው የማይሆነው» አሉ ጋሽ አይሆንም፣ ቀና ሳይሉ።

ወንድምየው የመኪናዋን ቁልፍና የበሰበሰውን ደብተር ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጎ ወጣ። አንካሲት በታላቅዬው ግቢ እንደቆመች ቀረች። እሱም የዳቦውን ሥራ አጣ፣ የመጋዘን ዘበኛ ሆነ፣ ይኸው እስከ ዛሬ በእግሩ ይሄዳል። አልተጣሉም። ኧረ በተጣሉና ታርቀው ባረፉት! ለቅሶ ቤት ሲገናኙ «እንደምን ከረሙ?» ይላቸዋል፣ እንደ ባዳ። አንድ አልጋ ላይ አብሮ ያደገ ወንድም አንቱ ሲል መስማት ከስድብ ይብሳል።

አምና መሥሪያ ቤቱ ማስታወቂያ ለጠፈ። ሊብሬያቸው የተበላሸ አሮጌ መኪኖች ሞተራቸው ከተነሣና ሻንሲያቸው፣ አካላቸውን የሚሸከመው ዋና ብረት፣ ላይ የተመታው ቁጥር ከመዝገቡ ጋር አንድ ከሆነ አዲስ ሊብሬ ያገኛሉ፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ያልቀረበ ግን ፋይሉ ይዘጋል፣ እንደ ቁርጥራጭ ብረት ይቆጠራል። ጋሽ አይሆንም ማስታወቂያውን ሦስት ጊዜ አነበቡት። ይቅርታ የሚል አፍ አልፈጠረባቸውም፤ እጅ ግን አላቸው። መኪናዋን አድሰው፣ ሊብሬዋን በወንድማቸው ስም አስወጥተው፣ ቁልፉን መዳፉ ላይ ሊያስቀምጡ ቆረጡ። የነገሩት ለሚስታቸው ብቻ ነው።

ሸራውን የገለጡ ዕለት ግን ወኔያቸው ከዳቸው። ወንበሩ ውስጥ አይጥ ወልዳለች። የፍሬን ቱቦው ሲነኩት ይፈረካከሳል። ሞተሩ ደርቆ አንድ ሆኗል።

«ይቺን ከመጠገን አዲስ መውለድ ይቀላል» አለች ሚስታቸው፣ መጥረጊያዋን ይዛ እየቀረበች።

ለሞተሩ አንድ ጡረታ የወጣ መካኒክ በየእሑዱ ይመጣላቸው ጀመር። መለዋወጫ መፈለግ ግን የራሳቸው ዕዳ ሆነ። የዚያ ዓይነት መኪና መሠራት ካቆመ ብዙ ዘመኑ ነው፤ ዕቃው ያለው ከአውቶቡስ ማደሪያው ጀርባ፣ «ንግሥተ ብሎን» ከሚሏት ሴት ዘንድ ብቻ ነው። በቆርቆሮ ሱቋ ውስጥ ብሎኑን፣ ቀለበቱን፣ ጎማውን በባዶ የወተት ጣሳ ደርድራ፣ መሃሉ ላይ ተቀምጣ ትገዛለች። ጋሽ አይሆንም የተበላሸውን ዕቃ በጋዜጣ ጠቅልለው ይወስዱላታል። በእጇ መዝና፣ አሽትታ፣ «ይሄማ ከሞተ ቆይቷል፣ ነፍስ ይማር» ትላለች። ከዚያ፣ «ሳምንት ይመለሱ።» ሳምንት ሲመለሱ፣ «የዛሬ ሳምንት ነበር እኮ ያልኩዎት!» በዚህ ዓይነት ካርቡራተሩ ሁለት ወር ፈጀ። የመስታወቱን ጎማ ከሌላ መኪና ቆርጣ ሰጠቻቸው። የፊት መብራቱን ክፈፍ ደግሞ አንድ ፀጉር አስተካካይ የመስታወት መያዣ አድርጎ ግድግዳው ላይ ሰቅሎት ተገኘ፤ አዲስ መስታወት ገዝተው፣ ተላጭተው፣ ተለማምጠው ነው የወሰዱት።

ዝገቱን ለማንም አልሰጡም። ዝገት ማለት ለእሳቸው ያቺ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ኩርፊያ ናት። መጀመሪያ በብርጭቆ ወረቀት፣ እምቢ ያለውን በተዋሱት ማሽን ፈገፈጉት። ሥር ሥሩን፣ ጥጋ ጥጉን፣ ኮፈኑ ሥር ሳይቀር! አንድ ነጥብ ዝገት አላስተረፉም። ቀለም ተቀባች። በስምንተኛው ወር ሞተሯ ሲነሣ ሚስታቸው እልል አለች፤ እሳቸው ዞር ብለው ዓይናቸውን በዘይት እጃቸው ጠረጉ።

ዓመቱ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የመሥሪያ ቤቱ መርማሪ ሐሙስ ቤታቸው ድረስ መጥታ እንድታይላቸው ተቀጠረ። ሰኞ ዕለት የመጨረሻዋን ዕቃ፣ የዝናብ መጥረጊያ ጎማ፣ ሊገዙ ወደ ንግሥተ ብሎን ሄዱ። እሷም ጎማውን እየጠቀለለች፣ ለወሬ ያህል፣

«ሻንሲ ቁጥሯን ግን በግሪስ ሸፍነው ነው አይደል የፈገፈጓት?» አለች። «ብዙ ሰው ዝገት እየመሰለው ልጎ ያጠፋዋል። ከዚያ በኋላማ...» እጇን አራገፈች።

«እንዴታ!» አሉ ጋሽ አይሆንም።

ጎማውን ሳይቀበሉ ነው የወጡት። ስድሳ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ሮጡ። ግቢ ገብተው ኮፈኑን ከፈቱ። በቀኝ በኩል ያለው፣ ቁጥሩ የሚመታበት ብረት ልስልስ ብሎ፣ ቀለሙ አምሮበት ያበራል። በጣታቸው ዳበሱት። ምንም። ያቺን ቦታ አስታወሷት፤ ጥቁር፣ ጎርባጣ፣ አልለቅም ያለች ዝገት ነበረችባት። ከሁሉ ይልቅ የደከሙባት እሷ ላይ ነው።

«እጄን በቆረጠው!» አሉ።

ማክሰኞ መሥሪያ ቤቱ ሄደው ጸሐፊውን ጠየቁት። «አንድ ወዳጄ ነው፤ የመኪናው ቁጥር በዕድሳት ጠፍቶበት...»

«ቁጥር የሌላት መኪና እንደ ተሰረቀች ነው የምትቆጠረው አባቴ» አለ ጸሐፊው። «ትያዛለች። ምርመራው ዓመትም ሁለት ዓመትም ይፈጃል። ደግሞ የማስታወቂያው ጊዜ ያልፍበታል። ለወዳጅዎ እግዜር ይሁነው።»

ያን ዕለት ምሳ አልበላ አላቸው። ሱቃቸው ገብተው የአንድ ትምህርት ቤት ማኅተም ሲቀርጹ አንድ ፊደል አበላሹ፤ በአርባ ዓመት የመጀመሪያቸው ነው። የሚያስጨንቃቸው መንገድ መጥፋቱ አልነበረም። መንገዱ ዓይናቸው ሥር ተቀምጧል። ቁጥሩ በበሰበሰው ደብተር ላይ በቀለም ተጽፎ ይነበባል። የቁጥር መምቻ ብረቶች መሳቢያቸው ውስጥ ናቸው። እንዲህ ያለውን ሥራ እንደ እሳቸው የሚሠራው ሰው የለም፤ ማንም አይለየውም። ማንም! ይሄ «ማንም» የሚሉት ነገር ነው እንቅልፍ የነሳቸው። ካልመቱት አንካሲት ተጭና ትወሰዳለች፣ ወንድማቸውም ለሁለተኛ ጊዜ በእሳቸው እጅ ያጣታል። ከመቱት ደግሞ አርባ ዓመት ሰው ያስለቀሱበት አይሆንም ምን ሊሆን ነው?

ረቡዕ ጠዋት ግቢው ጥግ ላይ ቁራጭ ብረት አስቀምጠው ሲለማመዱ ሚስታቸው መጣች። ብረቱን አየች፣ መዶሻውን አየች፣ ደብተሩን አየች። ቤት ገብታ ሬዲዮኑን እስከ መጨረሻው ከፈተችው፤ መስኮቱንም ከፈተችው። ከዚያ የግቢውን በር ቀርቅራ፣ ልብስ ማጠቢያዋን በሩ ሥር አስቀምጣ ቁጭ አለች።

ጋሽ አይሆንም ኮፈኑ ሥር አጎነበሱ። ሰባት ቁጥር፣ ሰባት ምት። እያንዳንዷ ስትመታ ግቢው የተሰነጠቀ እየመሰላቸው ቀና ይሉ ነበር። አንድም አልተንጋደደችም። መምታቱ እንኳ አይደለም የከፋቸው፤ ከዚያ በኋላ ጥላሸትና ዘይት ቀላቅለው ቁጥሩን ሲያስረጁት ነው እጃቸውን የጠሉት።

ሐሙስ መርማሪዋ መጣች። የመሥሪያ ቤቷን ማኅተም የቀረጹት እሳቸው ናቸው፤ ከልጅነቷ ታውቃቸዋለች። ሞተሩን አስነሣች፣ መብራቱን አየች፣ ኮፈኑ ሥር ጎንበስ አለች። ልንገራት አሉ። አፋቸውን ከፈቱ።

«ሻይ... ሻይ ትጠጫለሽ?» አሉ።

«ኧረ ይተዉ ጋሼ፣ ቸኩያለሁ።» ቁጥሩን ከወረቀቷ ጋር አስተያይታ ፈረመች። «ደግሞ ከእርስዎ ግቢ የወጣ ቁጥር ማን ይጠረጥራል? ሌላው ቤት ስንሄድ እኮ በአጉሊ መነጽር ነው የምናየው!»

ጥፊ ቢያቀምሷቸው ይሻላቸው ነበር።

ቅዳሜ ሚስታቸው ወንድምየውን አስጠራችው። የታመመ ሰው ያለ መስሎት እየተጣደፈ መጣ፤ በሩ ላይ ሲደርስ አንካሲትን አይቶ ቆመ። ጋሽ አይሆንም ቁልፉንና አዲሱን ሊብሬ ዘረጉለት። ያዘጋጁት ንግግር ነበር፤ ጠፋቸው።

«ያንተ ናት» ብቻ አሉ።

ወንድምየው መኪናዋን እየዳበሰ ዞራት። የፊት መብራቷን ነካ፣ በሯን ከፍቶ ዘጋ፣ ፊቱ እየተፈታ፣ ሊስቅም እየቃጣው ሄደ። ከዚያ ኮፈኑን ከፈተ። ሞተሩን አላየም። የድሮ ወዳጁን እንደሚፈልግ ሰው በቀጥታ ወደ ቀኝ ጎንበስ ብሎ አውራ ጣቱን ብረቱ ላይ አሳለፈ። አንዴ አሳለፈ። ደገመ።

«አራቷ እግር አወጣች» አለ።

«ምን አልክ?»

«አራቷ ቁጥር። ከፋብሪካው ሲመቷት እግሯ ሳይያዝ ነው የቀረው፤ ቆራጣ ነበረች። አንካሲት ያልኳት ለምን መስሎህ ነው?»

ጋሽ አይሆንም የተገለበጠ ባልዲ አግኝተው ተቀመጡበት። ሁሉንም ነገሩት፤ ዝገቱን፣ ጸሐፊውን፣ ሬዲዮኑን። ሲጨርሱ፣ «ውሸት አልጨመርኩበትም» አሉ። «የነበረውን ነው የመለስኩት።»

ቃሉ ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ያኔ ሱቁ ውስጥ የማን እንደነበረ አወቁት። ቢመልሱት በወደዱ።

ወንድምየው አውራ ጣቱን ከብረቱ ላይ አነሣ። በኋላ፣ «ስንት ደቂቃ ፈጀብህ?» ሲል ጠየቀ።

«ምኑ?»

«መምታቱ።»

መዋሸት ይችሉ ነበር። «አሥር ደቂቃ» አሉ። «ቢበዛ።»

«አሥር ደቂቃ» አለ ወንድምየው። አልጮኸም። እጁን በሱሪው ጠረገ፣ ኮፈኑን ቀስ ብሎ ዘጋ፣ ቁልፉን ከእጃቸው ወሰደና ገብቶ ሞተሩን አስነሣ። ጋሽ አይሆንም ተነሥተው የግቢውን በር ወለል አድርገው ከፈቱለት። እንደሚሄድና እንደማይመለስ እርግጠኛ ነበሩ፤ አልፈረዱበትም። ማንስ ይፈርድበታል?

አንካሲት ከበሩ ወጥታ ጥቂት ሄደችና ቆመች። የወዲህኛው በሯ ከውስጥ ተከፈተ።

«ትመጣለህ ወይስ አይሆንም?» አለ ወንድምየው። ፊቱ ላይ ሳቅ የለም።

ጋሽ አይሆንም እንደተገተሩ ቀሩ። ሚስታቸው ከኋላ መጥታ በክርኗ ጎሸመቻቸው።

«እሺ» አሉ።

ገብተው ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀመጡ። መኪናዋ ያንን የድሮውን የዳቦ መንገድ ይዛ፣ በየሱቁ ደጃፍ ፍጥነቷን እየቀነሰች እስከ ዳቦ ቤቱ ድረስ ሄደች።